ያን ፌስታል ከግድግዳው አውርዱት

የወሎ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ደሴ አክስቴ ቤት ጎራ አልኩ። ቡና ቀርቧል፣ እጣኑ ቤቱን ሞልቶታል። ጥጉ ላይ የጎረቤት ልጅ ተቀምጣለች፤ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። አቦሉ ሲቀዳላት የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከቋጠሮው ቀይ የደም ኪኒን አወጣችና በቡናው ዋጥ። «ይኸው ስንት ጊዜዋ ስትውጥ፣ ደሟ ግን ንቅንቅ አላለም» አለች አክስቴ።

ከየት ይምጣ? የደም ኪኒን ማለት ብረት ነው፤ ቡናም ሻይም ብረቱን አንጀት ውስጥ ጠፍሮ ይይዘዋል። የተጠፈረ ብረት ደም ውስጥ አይገባም፤ ከምግቡ ትራፊ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። እህቴ፣ ኪኒኗን በውሃ ዋጪ። ሎሚ ጠብ ቢልበት ደግሞ ይበልጥ ይሰርጻል። ቡናውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠጪ። ማንም ቡናሽን አልከለከለሽም። ወሎዬን ቡና ተዉ የሚል ሐኪም ካለ እሱ ራሱ ይታከም።

የተዋጠ ሁሉ የሠራ ይመስላችኋል። አይደለም፣ መድኃኒት ረጅም መንገድ አለው። ሆድና አንጀትን ካለፈ በኋላ ጉበት ይጠብቀዋል። ጉበት ማለት ኬላ ነው። ከአንጀት የመጣውን ጭነት ይፈትሻል፣ የሚያራግፈውን ያራግፋል፣ የቀረውን ወደ መላ ሰውነት ይለቃል። በመጨረሻ ብዙው በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። መርፌ መጀመሪያ ላይ ይህን ኬላ ስለሚዘለው ቶሎ ይደርሳል። በሉ ይኼን ስትሰሙ «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» እንዳትሉኝ። ጨጓራ ያለበት ሰው የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ በመርፌ ስለተወጋ ጨጓራው አያመልጥም፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ያገኘዋል።

ኬላውን ደግሞ አታጨናንቁት። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ 8 ፍሬ። ፓናዶልና ፓራሲታሞል ስማቸው ቢለያይም አንድ ናቸው። «ያኛው አልያዘልኝም» ብላችሁ ስትደርቡ ያንኑ ነው የጨመራችሁት። ጉበት ሲጎዳ ወዲያው አይጮህም። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚነግራችሁ። አረቄ የምታበዙ ደግሞ ጣሪያችሁ ከዚህም ዝቅ ይላል፤ ሐኪም ጠይቁ።

የባቲ፣ የቃሉ፣ የጨፋ ሰዎች፣ የእናንተስ ነገር! ወባ ይዟችሁ ኮአርተም ይሰጣችኋል። በ3 ቀን 6 ጊዜ የሚወሰድ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቃችሁ የቀረውን ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት ፌስታል ውስጥ ወርውራችሁ ገበያ ትወጣላችሁ። ኪኒኑ ውስጥ እኮ ሁለት መድኃኒት ነው ያለው። አንደኛው ወባውን ቶሎ ይመታና በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ሁለተኛው ቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። እሱ ደግሞ ቅባት ካላገኘ በደንብ አይሰርጽም። ስለዚህ ከወተት ጋር ውሰዱት። ጾም ነው የምትሉ፣ ዘይት ያለበት ወጥ ወይም ለውዝ ይበቃል። ግን ይኸው ወተት ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ለሚባሉት አንቲባዮቲኮች ጠላት ነው፤ ቡናው ብረቱን እንደሚጠፍረው ይጠፍራቸዋል። የፋርማሲው ልጅ ሲነግራችሁ አንገታችሁን ብቻ አትነቅንቁ፣ ጠይቁት።

ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ የሚያኮርፈኝ እንዳለ አውቃለሁ። ጫት አምፒሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ በመጠኑም አሞክሲሲሊን፣ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ወዳጃ ላይ፣ ጫት እየተቃመ ዱዓ በሚደረግበት ስብስብ፣ ለበሽተኛው ዱዓ አድርጉለት፣ አሚን። እሱ ግን መድኃኒቱን እስኪጨርስ ከጫቱ ይራቅ።

አሞክሲሲሊን ካነሳን፣ በቀን ሦስቴ ሲባል በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው። ደም ውስጥ ከገባው ግማሹ በአንድ ሰዓት ገደማ ይወጣል። ረመዳን ላይ ሦስቱን ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ አንድ ላይ የሚውጥ ሰው አይቻለሁ። ወንድሜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ሊጠብቅህ ነው? ከመጾምህ በፊት ሐኪሙን አማክረው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት ሊያገኝልህ ይችላል።

ያን ቀን የአክስቴን ፌስታል ከሚስማሩ ላይ አውርጄ ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። ግማሽ ኮአርተም፣ የቆረፈደ ካፕሱል፣ የሽሮፕ ጠርሙስ ስኳሩ ክዳኑ ላይ ደርቆ። ስም በሌለው ወረቀት የተጠቀለሉ ሰባት ነጫጭ ኪኒኖችም አሉ።

«ይቺስ የምን ናት?»

«የራስ ምታት። ትላንት እንኳ ለጎረቤት አንድ ሰጥቻለሁ።»

«ማን አዘዘልሽ?»

ስኒዎቹን መደርደር ጀመረች። «የአጎትህ ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «የግፊቱ።»

አጎቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል።