ሽንኩርቱ ይለፋበት፣ ሌላው ይቅር

በዓል በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ነው። አንዱ «ዶሮ ወጥ ግማሽ ቀን ካልፈጀ ወጥ አይባልም» ይላል። ሌላዋ «በሩብ ሰዓት ለሚያልቅ ምሳ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ትላለች። ሁለቱም ልፋቱን በጅምላ ነው የሚያዩት። እንደኔ ግን ለጣዕም የሚለፋ አለ፤ ለይሉኝታ የሚለፋም አለ።

የዶሮ ወጥ ጣዕም ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ደቆ የተከተፈው ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት ተጥዶ ውሃውን ይጨርሳል፤ እየተማሰለ ጣፋጭነቱ ይወጣል። ከዚያ በርበሬው ይገባና ጠብ ጠብ በሚደረግ ውሃ ደግሞ ይቁላላል። እዚህ ጋ የቸኮለን ሰው ወጡ ያጋልጠዋል። ሽንኩርቱ ከመረቁ ተለይቶ ይቀራል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ቅቤ ቢከመርበትም አይድንም። ብሌንደርም የሚታሰበውን ያህል አይገላግልም። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃ ስለሚያዝል ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል።

ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ የግድ 12 ብልት ማውጣትስ? ወግ ነው፣ አከብረዋለሁ። ለጣዕሙ የሚጨምረው ግን እምብዛም ነው። ስምንት ቦታ ከተቆረጠ ዶሮ የተሠራውን ዓይኔን ጨፍኜ ብቀምስ የምለየው አይመስለኝም። (አማቶች ይቅር ይበሉኝ።)

ሽሮ በዚህ ብልጥ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል፤ ምክንያቱም ልፋቱ ቀድሞ አልቋል። ሽምብራው ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከነቅመሙ ወፍጮ ቤት ደርሶ መጥቷል። አንዴ ተለፍቶበት ለወራት ይበላል። ቁሌትንም እንደዚያ ማድረግ ይቻላል። ቅዳሜ በትልቅ ድስት ተቁላልቶ ፍሪዘር የገባ ቁሌት ረቡዕ ማታ ለምስርም ለሥጋም ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጥም አለ።

«እሱማ የቤት አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ማማሰያ ጨብጠው አያውቁም። በብዙ ቤት የምታቁላላዋ አንድ ሴት ናት፤ ፈራጆቹ ገበታ ከበው የተቀመጡት ናቸው። ልፋቱ ስለማይሰማቸው ሁሉንም ያስፈልጋል ይላሉ። ለመጪው በዓል እንዲህ የሚል ሰው በዋዜማው ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና ቢላዋ ይሰጠው። ከትፎ ሲጨርስ ስለ 12ቱ ብልት እንነጋገራለን።