ካርቦን ዶት የካድሚየምን ቦታ ይረከብ?

ለመከራከሪያ የቀረበው ሐሳብ፦ በብርሃን አመንጪ መሣሪያዎች ውስጥ ካድሚየም ከተባለው ብረት የሚሠሩ ኳንተም ዶቶች (ጉልበት ሲያገኙ የሚያበሩ እጅግ ጥቃቅን ብናኞች) በካርቦን ዶቶች ሊተኩ ይገባል።

ደጋፊ፦ በ2004 አሜሪካ ውስጥ፣ በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ የካርቦን ናኖቱቦችን ከጥላሸት ለማጥራት ሲሞከር የሚያበራ ብናኝ፣ ማለትም ካርቦን ዶት፣ ሳይታሰብ ተገኘ። ዛሬ ከ10 ናኖሜትር የማይበልጠውን ይህን ብናኝ ለማግኘት ሲትሪክ አሲድና ኤቲሊንዳያሚንን በውኃ አሟሙቶ፣ ውስጡ በቴፍሎን በተለበጠ የብረት ዕቃ አጥብቆ ዘግቶ፣ በ200 ዲግሪ ሴልሲየስ ለ5 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። በ2013 በዚህ መንገድ የተሠራው ከዋጣቸው 100 ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) 80 ያህሉን በብርሃን መልሷል። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ካድሚየም ከ0.01 በመቶ እንዳይበልጥ የገደበው መርዛማ ስለሆነ ነው፤ ርካሹ ካርቦን እያለ መርዙን ምን አስመረጠን?

ተቃዋሚ፦ ተከራካሪዬ 80ውን ፎቶን የሚሰጠው ማን እንደሆነ አልነገሩንም። ከምድጃው የወጣውን ቡናማ ፈሳሽ በዳያሊሲስ ከረጢት (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ከረጢት) ቋጥረው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢነክሩት፣ ከሰዓታት በኋላ ከረጢቱን የከበበው ውኃ ራሱ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይደምቃል። በከረጢቱ ቀዳዳዎች ሾልኮ የወጣው ደግሞ በአብዛኛው ዶት ሳይሆን፣ ሁለቱ ኬሚካሎች ሲዋሐዱ የተፈጠረ ትንሽ የቀለም ሞለኪውል ነው። ውኃውን እየቀያየሩ ማጠብ ቀናት ስለሚወስድ ቶሎ ማቆም ያጓጓል፤ እኔም አንድ ጊዜ አቁሜ፣ የሞለኪውሉን ድምቀት ለዶቱ ቆጥሬለት አውቃለሁ። ከዚህም ሌላ፣ በፈሳሽ ውስጥ የደመቀው ዶት መስታወት ላይ ደርቆ ሲጠጋጋ ጉልበቱን ከጎረቤቶቹ ጋር እየተቀባበለ በሙቀት መልክ ያባክነዋል፤ መብራት የሚሠራው ግን ከደረቅ ስስ ንጣፍ ነው።

ደጋፊ፦ የእጥበቱን ነገር ተቀብያለሁ። መደብዘዙ ግን ዶቶቹን በሲሊካ (መስታወት በሚሠራበት ነገር) ወይም በፖሊመር (በፕላስቲክ መሰል ነገር) ውስጥ በትኖ በማራራቅ ይታረማል። የቀለም ጥራትም ቢሆን፣ በ2018 ቤጂንግ ውስጥ ከፍሎሮግሉሲኖል የተሠሩት ባለሦስት ማዕዘን ዶቶች የሚሰጡት ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ስፋት (ሲጠብብ ቀለሙ የሚጠራው) 30 ናኖሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ከካድሚየሞቹ ጋር ይስተካከላል።

ተቃዋሚ፦ ሲሊካ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ላይ ተቀብቶ የብርሃኑን ቀለም ለሚለውጥ ልባጥ ይህ ችግር አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ራሱ እንዲያበራ ለምንፈልገው ዶት ግን ማራራቂያው መንገዱን ይዘጋበታል። ከካድሚየም መሸሽ ነው ከተባለም፣ ካድሚየም የሌለበት ሌላው የኳንተም ዶት ዓይነት፣ ኢንዲየም ፎስፋይድ፣ ቀድሞ በቴሌቪዥን ስክሪኖች ውስጥ ገብቷል፤ ካርቦኑ ሊያሸንፈው የሚገባው ተፎካካሪ እሱ ነው፣ ተከራካሪዬም ስሙን እስካሁን አላነሡትም።