የፕሮፌሰሩ ቅዳሜ የት ነው ሚቆጠረው?

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ችግኝ ተክለን ነበር። ፒያሳ አካባቢ ያለ የመንግስት ትምህርት ቤት ነው፣ እኔ ባዮሎጂ ነው ማስተምረው። ችግኞቹ ሲመጡ አገር በቀል ጽድ ነው ተብሎ ነው የተሰጠን፣ እኛም ደስ ብሎን ተከልን፣ ልጆቹ ተራ ገብተው ውሃ ሲያጠጡ ከረሙ። አንድ ቀን አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ አያቴ ግቢ ካለው ጽድ ጋር አይመሳሰልም" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ባዮሎጂ ተመርቄ፣ ይሄን ያህል አመት አስተምሬ፣ በእጄ የተከልኩትን ዛፍ ማንነት በእርግጠኝነት መናገር አቃተኝ፣ እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

በማግስቱ ቅርንጫፍ ቆርጬ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልዬ ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ። ብሔራዊ ሄርባሪየሙ እዛው ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ነው፣ በፊት ለፊቱ በየቀኑ ስንቱ ሰው ያልፋል፣ ውስጡ ግን ከ80,000 በላይ የደረቀ ተክል ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ከየት እንደተለቀመ፣ መቼ፣ በማን፣ የቦታው ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ተጽፎበት ካቢኔት ውስጥ ተደርድሯል። ድሮ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር አሁንም አሉ፣ ጠረጴዛቸው ላይ የተማሪ ቴሲስ ተቆልሏል። "ፕሮፍ ይቅርታ፣ ስራ ላይ ነዎት" ስላቸው "ቅርንጫፍ ይዘሽ መጥተሽ ደሞ ምን ይቅርታ አለው፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። በሌንስ አዩት፣ አገላበጡት፣ ካቢኔት ከፍተው ሁለት ሉህ አወጡና ጎን ለጎን አስቀምጠው "ነይ እራስሽ እይው" አሉኝ። የፈረንጅ ጽድ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ሁለቱንም ጽድ ነው ምንላቸው። የፈረንጅ ጽድ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ የሀበሻ ጽድ ደግሞ የኛው የደጋ ዛፍ ነው፣ ፍሬው ድቡልቡልና ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር ሚሄድ ነው፣ የፈረንጁ ግን እንጨት መሳይ ደረቅ ፍሬ ይዞ በኋላ ይሰነጠቃል። የኛ ችግኞች ገና ፍሬ ስላልያዙ እሳቸው በቅጠሉና በቅርንጫፉ አወጣጥ ነው የለዩት፣ እሱን ለማየት የስንት አመት አይን ያስፈልጋል። የፈረንጅ ጽድ መትከል ወንጀል አይደለም፣ ግን አገር በቀል ተክለናል ብለን ለልጆች ስንነግር እውነት መሆን አለበት።

ከዛ ምን አሉኝ፣ "ቅዳሜ ልምጣና ለልጆቹ ላሳያቸው"። መጡም። አጥራችን ጥግ አንድ ያረጀ የሀበሻ ጽድ አለ፣ ልጆቹን ስሩ ሰብስበው "ይሄ ወንድ ነው ሴት?" ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሳቁ፣ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው፣ የሀበሻ ጽድ ወንዱ ለብቻ ሴቱ ለብቻ ዛፍ ነው፣ የኛዋ ፍሬ ስለያዘች ሴት ናት፣ ስለዚህ አካባቢው ላይ ወንድ ከሌለ ዘሯ እንዴት ይሆናል ብለው ጥያቄውን እነሱ ላይ ጣሉት። ያን ቀን ለምሳ ቤታቸው ሚሄዱት ልጆች ሁሉ በየአጥሩ ጽድ ሲፈልጉ ነው የዋሉት፣ ሰኞ ደሞ አንዱ ከአፍንጮ በር በኩል ወንድ አገኘሁ ብሎ ቅርንጫፍ ይዞ መጣ።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የእሳቸው ቅዳሜ የት ነው ሚቆጠረው? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ማስተማር፣ ሪሰርች፣ የማህበረሰብ አገልግሎት እያሉ ሶስት ቦታ ይከፍሉታል፣ ማዕረግ ሲመጣ ግን ሚዛን ሚደፋው ጆርናል ላይ የወጣ ፐብሊኬሽን ነው። ያን ቀን የሆነውን በየትኛው ሳጥን ትከቱታላችሁ? ቅርንጫፉን መለየት የሪሰርች ሰው እውቀት ነው፣ ልጆቹን መጠየቅ ማስተማር ነው፣ ቅዳሜን ሰውቶ መምጣት አገልግሎት ነው፣ ያው ሰውዬ ናቸው፣ ያው ጠዋት ነው።

የዚህን አገር የዕፅዋት ሳይንስ ታሪክ ብታዩት ትልልቆቹ ስራዎች እንደዚህ ነው የተወለዱት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣው ስለሆነ፣ እንዶዱ እሱን ገድሎ በሽታውን ሊገታ እንደሚችል ገባቸው። እንዶዱን ለስንት ዘመን እናቶቻችን ነጠላ ሲያነጡበት ኖረዋል፣ እሳቸው ቆም ብለው ስለተመለከቱ ነው ሳይንስ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ስራ ነው። ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽን ውሰዱ፣ ጽድ ዝግባ ወይራ እንዴት ከዘር ይበቅላል፣ እንዴት ከቁራጭ ይራባል ብለው ስንት አመት የለፉት ለወረቀት ብቻ አልነበረም፣ ችግኙን አፍልተው መሬት ላይ አሳይተዋል።

ከሁሉም ደግሞ ፍሎራው። የኢትዮጵያ ዕፅዋትን በሙሉ አንድ በአንድ መዝግቦ ለማውጣት የተጀመረው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1980 ተነስቶ በ2009 ነው ያለቀው። መጀመሪያ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ በኋላ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሩት፣ የስዊድን ድጋፍና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነበረበት፣ ስምንት ቅጽ ወጣው፣ ወደ 6,000 ሚጠጉ የዕፅዋት አይነቶች፣ ከአስሩ አንዱ ገደማ ሌላ የትም ማይገኝ። ሀያ ዘጠኝ አመት! ዛሬ አንድ ወጣት ሌክቸረር ተነስቶ "ውጤቱ ከሀያ አመት በኋላ ነው ሚታየው" ቢል ማን ፈንድ ይሰጠዋል፣ ማንስ እስከዛ ድረስ እድገት ይሰጠዋል?

አንዳንድ ሰዎች ፐብሊኬሽን ካልተቆጠረ ሰነፉም ጎበዙም እኩል ይሆናል ይላሉ፣ አገልግሎት እኮ በደብዳቤ ማህተም አስመትቶ ማምጣት ቀላል ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፣ እኔም እንደዛ አይነት ደብዳቤ አይቻለሁ። ግን ስፔሲመን፣ ማለትም ተለቅሞ የደረቀው የተክል ናሙና፣ ደብዳቤ አይደለም። ሄርባሪየም ውስጥ የገባ ሉህ ቁጥር አለው፣ ሰብሳቢው ተጽፎበታል፣ ማንም ካቢኔት ከፍቶ ትክክል ነው ስህተት ነው ማለት ይችላል፣ ከሃምሳ አመት በኋላ ጭምር። የባህል መድሃኒት ሚያጠና የማስተርስ ተማሪም ተክሉን አምጥቶ ስሙን አስረጋግጦ ናሙናውን ካላስቀመጠ ጥናቱ ስለየትኛው ተክል እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ ያንን ስም ሚያረጋግጡለት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቴሲሱ ላይ ምስጋና ገጽ ላይ አንድ መስመር ነው ድርሻቸው። እሱ ይቆጠር ነው ምለው። ስንት ስፔሲመን አስገባ፣ ስንቱን ለየ፣ ስንት ተማሪ ፊልድ ይዞ ወጣ፣ ይሄ ሁሉ መቆጠር ሚችል ነገር ነው። የካቢኔቱ ቴክኒሻኖችም አብረው ይታሰቡ፣ ሉሁን ነፍሳት እንዳይበላው ሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

እኔ ይሄን ስጽፍ ልጆቹ የአሮጊቷን ጽድ ቅርንጫፍ ካርቶንና ጋዜጣ መሀል አድርገው በድንጋይ ተጭነውታል፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ተራ በተራ ይቀይራሉ። ሲደርቅ አራት ኪሎ እንወስደዋለን። ሰብሳቢ ሚለው ቦታ ላይ የማን ስም ይጻፍ ሚለው ላይ ገና አልተስማሙም።