ካትሪን ፓር የተዳረችው ለሽማግሌ አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመጨረሻ ሚስት፣ ስለ ካትሪን ፓር የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። «ገና በልጅነቷ አእምሮው ለታወከ ሽማግሌ ተዳረች» ብለሃል። ይሄ ስንት ጊዜ የተደጋገመ ስህተት ነው። የመጣው ከስም መመሳሰል ነው።

ሽማግሌው ሎርድ ኤድዋርድ በርግ የባሏ አያት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1528 አርፈዋል። ካትሪን ያገባችው በ1529 ነው። ባሏ በአያቱ ስም የተጠራው ወጣቱ ኤድዋርድ፣ የሰር ቶማስ በርግ ልጅ ነው። እሷ 17 ዓመት ገደማ፣ እሱ በሃያዎቹ ውስጥ።

ማስረጃው ያለው እዚያው እናቷ ጋ ነው። ሞድ ፓር በዚያው ዓመት ባሰፈረችው ኑዛዜ፣ ለልጇ ጋብቻ ለሰር ቶማስ የምትከፍለው ዕዳ እንዳለባት ጽፋለች። ለአያትየው አላለችም። ይቺ ሴት በ1517 ባሏ ሲሞት ሦስት ትንንሽ ልጆች ይዛ የቀረች፣ ዳግም ሳታገባ ያሳደገቻቸው እናት ናት። ልጇን ለታመመ ሽማግሌ አሳልፋ ሰጠች ሲባል ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ።

ወጣቱ ኤድዋርድ በ1533 ሞተ። ሁለተኛው ባሏ ሎርድ ላቲመርም በ1534 ሲያገባት ገና 40 ዓመት ገደማ ነበር።