ፎቶሽ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይግባ ወይ ብሎ ማን ጠየቃት?

በፈረንጆቹ 1880ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲጋራ በስስ ወረቀት ፓኮ ስለሚሸጥ እንዳይጨማደድ መሀሉ ጠንካራ ካርድ ይከቱበት ነበር፣ ካርዱ ባዶ ከሚሆን ተባለና የሴት ምስል ይታተምበት ጀመር። የቨርጂኒያዋ ከተማ የሪችመንዱ ሲጋራ አምራች አለን ኤንድ ጊንተር በ1888 የዓለም ቆነጃጅት ብሎ 50 ካርድ አወጣ፣ ሌላው ሲጋራ አምራች የዱክ ኩባንያ ደሞ ተዋናዮችን በታይት ምናምን እያስነሳ በየፓኮው በተነ።

ዛሬ ካርዶቹን ያየ ሰው «ያኔም የሴት ገላ ይሸጥ ነበር» ብሎ ያልፋል። ልክ ነው፣ ግን የትኛዋ ሴት ናት የምትሸጠው? እንደ ተዋናይቷና ዘፋኟ ሊሊያን ራስል ያሉት ስማቸው ተጽፎ ይወጣሉ፣ ቲያትር ቤት ሲጨበጨብላቸው ያመሻል፣ ጨዋ ነኝ ባዩ ቤተሰብ ግን ሳሎኑ ሊያስገባቸው አይፈልግም። ከነሱ በታች ደሞ ስም እንኳን የሌላቸው አሉ፣ ቆንጆ ልጅ፣ አለቀ።

የፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ሚስት ፍራንሲስ ፎቶዋ ሳትጠየቅ የየነጋዴው ማስታወቂያ ሲሆን ግን ነገሩ ኮንግረስ ገባ። በ1888 የቀረበው ረቂቅ ሕግ የሴትን ምስል ያለ ፈቃዷ ለማስታወቂያ መጠቀም ይከለከል የሚል ነው፣ ሴትየዋ ማን ናት ስትሉ የዜጋ ሚስት፣ እናት፣ ልጅ ወይ እህት! በራሷ ሰው መሆኗ አይበቃም እኮ፣ ወንድ ከጀርባዋ መቆም አለበት። እሱም ቢሆን ሳይጸድቅ ቀረ።

የዱክ ኩባንያ አለቃ አባት ዋሽንግተን ዱክ በ1894 ለልጁ ስለነዚህ ፎቶዎች የቅሬታ ደብዳቤ ጽፏል። ሽማግሌው የተጨነቀው ወጣቱ ይበላሻል ብሎ ነው፣ የፎቶዎቹ ባለቤቶች ፈቅደዋል ወይ የሚለው ጉዳዩ አልነበረም። ሪችመንድ ሲጋራውን በእጃቸው ይጠቀልሉ የነበሩት ወጣት ሴቶችማ ከነጭራሹ አይነሱም፣ ሲጋራ የሚጠቀልለው የቦንሳክ ማሽን ሲመጣ ስራቸውንም ወሰደው።

ወንዱስ ቢሉ፣ ቤዝቦል ተጫዋቹ ሆነስ ዋግነር ከ1909 ጀምሮ በወጣው የሲጋራ ካርድ ላይ ምስሌ አይታተም ብሎ አስቆመ ይባላል፣ የታተመው ጥቂት ስለሆነ በ2022 አንዱ 7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስም የለሾቹን ቆነጃጅት ግን ዛሬም ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር ታገኟቸዋላችሁ።