«አስተኙት» ከማለታችሁ በፊት

አንገቱ ላይ ተጎድቶ እጅ እግሩ አልታዘዝ ያለው ሰው ድንገት ራሱን ይፈልጠዋል። ፊቱ ይግላል፣ በላብ ይጠመቃል፣ አፍንጫው ይታፈናል፤ እግሩ ግን ቀዝቅዞ ጸጉሩ ይቆማል። ጎንደር ላይ የጎረቤት ፍርድ ፈጣን ነው፦ «ምች ነው፤ አስተኙት፣ ዳማከሴ ይጨመቅለት።» በዳማከሴው አንጣላም። ማስተኛቱ ግን የደም ግፊቱን ጭራሽ ያንረዋል።

ይህ አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ የሚባል ድንገተኛ የደም ግፊት መናር ነው፤ የሚደርሰውም ኅብለ ሰረሰራቸው በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ በተጎዳ ሰዎች ላይ ነው። የሽንት ፊኛ ሲወጠር የሚነሳው መልእክት አንጎል ሳይደርስ ጉዳቱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በታች ግን የሆድና የእግር ደም ሥሮችን ያኮማትራል። አንጎል ግፊቱ መናሩን አውቆ የልብ ምትን ያዘገያል፤ ደም ሥሮቹን የሚያላላው ትእዛዝ ግን ጉዳቱን ማለፍ አይችልም። ካልተደረሰለት አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ቅሬታችን ቁጥሩ ላይ ነው። የእነዚህ ሰዎች የላይኛው ግፊት በደህናው ቀን ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው። 140 ሲነበብ «ደህና ነህ፣ ማስታገሻ ውሰድ» ብሎ መሸኘት ትልቅ ስህተት ነው፤ ከለመደው በ20 እስከ 40 ከጨመረ ድንገተኛ ሕመም ነው።

መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥና እግሩን ወደ ታች ማውረድ፤ ቀበቶ፣ ጫማና የሽንት ከረጢቱን ማሰሪያ መፍታት። ቀጥሎ ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ)፦ ታጥፏል? ከረጢቱ ሞልቷል? ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ነው። ከተደፈነ ባለሙያ በ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በቀስታ ያጥበዋል፤ እምቢ ካለ ይቀይረዋል። ፊኛውን ከላይ መጫን አይገባም። ግፊቱ በየ2 እስከ 5 ደቂቃ ይለካ። ሽንቱ ወርዶም ካልበረደለት የደረቀ ሰገራ ይፈለጋል፤ ሊዶኬይን ጄል (የሚያደነዝዝ ቅባት) ሳይቀቡና ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ ጣት ማስገባት ግን ነገሩን ያባብሰዋል። የአልጋ ቁስልና ሥጋ ውስጥ የገባ የእግር ጥፍርም ያስነሱታል። ግፊቱ 150 ደርሶ አልወርድ ካለ ቶሎ የሚሠራ የግፊት መድኃኒት ያስፈልጋል። ከበረደለት በኋላም ቢያንስ 2 ሰዓት ክትትል።

ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የምጧ ብቸኛ ምልክት ይኸው ራስ ምታት ሊሆን ይችላል።

ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ጉዳቱ ስንተኛው አከርካሪ ላይ እንደሆነና የለመደው ግፊት ስንት እንደሆነ። ዳባት ወይም መተማ ላይ ሌሊት የሚቀበለው ነርስ ያ ወረቀት ከሌለው 140ን በምን ያመዛዝነዋል?