ይድረስ ለክብርት የልደት ምስክር ወረቀት

ጉዳዩ፦ ተወልደን ሳለ አለመወለዳችንን ስለማሳወቅ

ክብርት ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን የምንጽፍልዎ ከወረዳው የልደት ምዝገባ መስኮት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ነው። የያዝነው ቁጥር 47 ነው፤ አሁን የተጠራው 19። ሰዓቱ 4:10። ስለዚህ የሚያጣድፈን ነገር የለም።

ብዕር ያስነሳን የዛሬው ጠዋት ጉዳይ ነው። አንዲት የ64 ዓመት እናት የክት ነጠላቸውን አጣፍተው መስኮቱ ጋ ቀረቡ። ልጃቸው ዋሽንግተን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ ሄደው ሊያርሷት ነው። የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ በርበሬና ሽሮው በላስቲክ ተቋጥሯል። የቀረው ፓስፖርት ብቻ ነው። ፓስፖርት ያለ እርስዎ አይሆንም፤ እርስዎም በአራተኛው ምልልስ፣ ይኸው ዛሬ፣ ትኩስ ታትመው ወጡ።

የአማርኛው ጎን ነቀፋ የለበትም። ፀሐይ ይላል። የእንግሊዝኛው ጎን ግን መጨረሻው ላይ አንዲት "ኢ" ተለጥፋበታለች። "ዋይ" ላይ ማቆም የነበረበት ስም አንድ ፊደል ተሻግሮ "ፀሐዬ" ሆነ። ፀሐዬ ደግሞ እርስዎም እንደሚያውቁት የወንድ ስም ነው። ዝቅ ብሎ "ጾታ፦ ሴት" ይላል። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2011 ለልጃቸው በሰጠው ወረቀት ላይ፣ የእናት ስም በሚለው ቦታ፣ ያችኑ ፀሐይን ያለምንም "ኢ" አሳምሮ ጽፏታል። እንግዲህ በአንድ ማህተም ሁለት ሴቶች ተፈጥረዋል ማለት ነው፦ አንዷ ልጅ የወለደች ግን ራሷ ያልተወለደች፣ ሌላዋ የተወለደች ግን ልጅ የሌላት። ቪዛ ጠያቂዋ የትኛዋ እንደሆነች ለኤምባሲው የሚያስረዳ ይጠፋል ብለን አንሰጋም፤ መቼም እርስዎ ይሄዱላቸዋል።

ስህተቱን ያየው ከኋላቸው የተሰለፈ ጎረምሳ ነው። እናት ወረቀቱን መለሱ። ባለሙያዋ ክላሰሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ፎርሙን አወጣችና ጣቷን ፊርማው ላይ አሳረፈች።

"እማማ፣ አረጋግጠው ፈርመዋል እኮ።"

"እኔ አማርኛውን ነው ያየሁት ልጄ።"

"ማንበብ አይችሉም እንዴ? ካልቻሉ ለምን ይፈርማሉ?"

ይህን ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ። አራቱን ጉርድ ፎቶ ይዘው የመጡት በዳዊታቸው ቅጠሎች መሀል ነበር፤ ዳዊቱ እዚያው መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ከጣት ብዛት የገጾቹ ጥግ ጠቁሯል። ማንበብ እችላለሁ አላሉም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው "ይቅርታ" አሉ።

ይቅርታ!

ስሚ አንቺ ወረቀት። በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ነገር "ትክክል ነው" ብለው እንዲፈርሙ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። እናት በፎርሙ ላይ የሞሉት በአማርኛ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገለበጠው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው። ገልባጩ ይሳሳታል፣ አዛውንቷ ይፈርሙበታል፣ ከዚያ ስህተቱ የአዛውንቷ ይሆናል። ፊርማ ያስፈለገሽ ለማረጋገጥ አይደለም፤ ጥፋቱን የሚሸከም ትከሻ ፈልገሽ ነው። ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ ደግሞ በሰው ፊት ማንበብ አይችሉም ታሰኚያለሽ?

የተሰጣቸው መፍትሔ ይህ ነው፦ "ካርዱ ላይ ብቻ ቢሆን ቀደን እናትመው ነበር፤ መዝገቡም ላይ ያው ስለሆነ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያምጡ።" ማመልከቻ ማስጻፍ፣ መዝገብ ማስከፈት፣ ቀጠሮ፣ ምስክር፣ ውሳኔ፣ የውሳኔ ግልባጭ፣ ከዚያ እንደገና ወረፋ ቁጥር 1 ብሎ መጀመር። ለአንዲት "ኢ"። ልጅቱ በዚህ መሀል ትገላገላለች፤ የሕፃኑን ልደት ለማስመዝገብ የሚያስፈልገውን ቅጽ እዚያው ሆስፒታል ያስሞሏታል። የሳምንት ልጅ በልደት ማስረጃ አያቱን ይቀድማል።

ይቅርታ ክብርት፣ ወደ "እርስዎ" እንመለስ።

ችግሩ የአንድ ባለሙያ ጣት እንዳይመስልብዎ። ስማችን ከፊደላችን ወደ እንግሊዝኛ የሚገባው በጆሮ ነው። "ፀ"ን አንዱ በ"ቲ" እና "ኤስ" ይጽፋታል፣ ሌላው "ቲ"ዋን ትርፍ ብሎ ይጥላታል። ኃይሉ፣ መሐመድና ዮሐንስ በየወረዳው የተለያየ ሆሄ አላቸው። ቁም ነገሩ ትክክለኛው የቱ ነው አይደለም፤ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከኋላችን ለተሰለፋችሁ፦ ፎርሙን ስትሞሉ የእንግሊዝኛ ስማችሁን ቀድሞ ካወጣችሁት ፓስፖርት ወይም ከልጃችሁ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ቅዱት፤ የእናትንና የአባትንም ጭምር። የቀዳችሁበትን ኮፒ ከፎርሙ ጋር አያይዙ። "ያትሙልኝ" ከማለታችሁ በፊት "ስክሪኑን ያዙሩልኝ" በሉ። ፎርሙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ግልምጫ ይኖራል፤ ግልምጫ ከፍርድ ቤት ይረክሳል።

ቀኑን ደግሞ እንይ። እኚሁ እናት የተወለዱት በ1954 በጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው። ከዚህ የበለጠ ቁርጥ ያለ የልደት ቀን ማን አለው? ጥቅምት 12 ቀን 1954፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1961። በሦስተኛው ምልልስ ለማረም የመጡት ይህን ነበር። መጀመሪያ የተሞላው "ጥቅምት ኦክቶበር ነው" ተብሎ ወሩ ተተርጉሞ፣ 12ቱ እንዳለ ተትቶ ነው። ኦክቶበር 12 ማለት ጥቅምት 2 ነው፤ ሚካኤል በወረዳ ውሳኔ 10 ቀን ወደ ኋላ ተዛወረ። በላዩ ላይ "የኛና የነሱ ልዩነት 8 ዓመት ነው" ተባለና ዓመቱ 1962 ሆነ። ለጥቅምት ልጅ የሚደመረው 7 ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ፣ በአብዛኛው እስከ ታኅሣሥ 22፣ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን የማያውቅ ቤት ስንቱን ሰው አንድ ዓመት አስረጅቶ፣ ስንቱን አንድ ዓመት አሳንሶ አሳልፏል። ጳጉሜን የተወለዱትን ለፈጣሪ ትተናቸዋል።

ሁለተኛው ምልልስ፦ ሲስተም የለም።

የመጀመሪያው ምልልስ ግን ታሪክ ያለው ነው። "ሲወለዱ የሚያውቁ፣ በዕድሜ የሚበልጡዎት፣ መታወቂያቸው የታደሰ ምስክሮች ያምጡ" ተባሉ። የ64 ዓመት ሰው ሲወለድ ያዩ ሰዎች፣ ክብርት፣ አብዛኞቹ መታወቂያ የማይታደስበት ቦታ ነው ያሉት። አንድ ምስክር ግን ልንጠቁምዎ እንችላለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከእናት በ2 ዓመት ይበልጣል። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ ይጻፋል ብሎ አንቀጽ በአንቀጽ ደንግጓል፤ መጨረሻው ላይ ግን ይኸው ክፍል ወደፊት ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ታግዶ እንዲቆይ አደረገ። ትእዛዙ ሳይመጣ ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ። ምዝገባውን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008። እናት ያኔ የ54 ዓመት ሴት ነበሩ። መዝገቡ ከእሳቸው 54 ዓመት ዘግይቶ መጣና፣ "የት ነበሩ እስከ ዛሬ?" ብሎ የጠየቃቸው እሱ ሆነ። ስምም ወጣላቸው፤ "ነባር"።

ዛሬ ለሚወለደውስ? ሕጉ 90 ቀን ይሰጣል። በ90 ቀን ውስጥ ያስመዘገበ "ወቅታዊ" ነው፤ ከዚያ እስከ ዓመት "የዘገየ"፤ ከዓመት በላይ ደግሞ ሌላ ስምና ሌላ የማስረጃ ክምር አለው። ከጤና ተቋም የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ በእጃችሁ ካለ ግማሹ መንገድ አለቀ። ግን ብዙ ወላጅ ማሳወቂያውን ከክትባት ካርዱ ጋር አጣብቆ አልጋ ስር ያስቀምጠዋል፤ የሚያወጣው ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው። ይህ እንኳ የኛ ጥፋት ነው፤ እንቀበላለን። አያችሁ፣ እኛ ስንሳሳት እንዲህ ነው የሚባለው።

ክብርት፣ ስለ ላሚኔት አንድ ቃል። ከበርዎ ላይ "ላሚኔት እናደርጋለን" የሚል ሱቅ ተደርድሮ፣ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ግን ውጭ አገር ሊሄድ ሲል "ማህተም የት ልምታበት?" ተብሎ ይመለሳል። ወይ ለሱቁ ይንገሩት ወይ ለኛ።

ውጭ አገር የሚሄድ ወረቀት ደግሞ እንደ ሙሽራ በየቤቱ ይዞራል። ከወረዳ ይነሳል፣ በበላይ መሥሪያ ቤቱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ። እዚያ ያለው ባለሙያ የተወለዳችሁ መሆን አለመሆናችሁን አይመረምርም፤ የሚያመሳክረው ፊርማና ማህተም ነው፣ እጁ ላይ ካለው ናሙና ጋር። ወረዳው ላይ የፈረመው ኃላፊ በቅርቡ የተሾመ ከሆነና የፊርማው ናሙና ገና ካልተላከ ወረቀታችሁ እውነተኛ ሆኖ ሳለ "አይታወቅም" ይባላል። ስለዚህ ከመስኮቱ ሳትርቁ ሦስት ነገር እዩ፦ የፈራሚው ስም ያለበት ቲተር ከፊርማው ስር ተመትቷል ወይ፣ ክብ ማህተሙ ይነበባል ወይስ ቀለም ብቻ ነው፣ የምዝገባ ቁጥሩ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው ወይ። ማህተሙ የደበዘዘ ከሆነ ሳታፍሩ "ድገሙልኝ" በሉ። ማህተም ያዥዋ ወጥታ ከሆነ መቀመጫ ፈልጉ።

ውጭ ያለው ሰውማ የበለጠ ይታዘንለታል። ውክልናውን ኤምባሲ ሄዶ ይፈርማል፣ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ወንድሙ መስኮቱ ፊት እንዲቆምለት ነው። ውክልናው ላይ "የልደት ማስረጃ ለማውጣት" የሚል ቃል በግልጽ ካልተጻፈ "ቤት መሸጥ ይችላሉ፣ ይህን ግን አይችሉም" ይባላል። ዐረብ አገር የሄደች እህታችን ደግሞ ደላላው ፓስፖርቷ ላይ 4 ዓመት ጨምሮላት ነበር፤ አሁን እርስዎ እውነተኛ ዕድሜዋን ሲጽፉላት አጭበርባሪዋ እሷ ሆና አረፈች። የደላላውን ስልክ እንኳ የጠየቀ የለም።

ስለ ፎቶ ኮፒ ምንም አንልም። ኮፒ ቤቱም ይብላ።

ሰዓቱ 5:26 ሆኗል፤ የተጠራው 31 ነው። ዛሬ አርብ ስለሆነ 5:30 ላይ መስኮቱ ይዘጋል፤ የሚከፈተው 7:30 ነው። እናት አሁንም አግዳሚው ጫፍ ላይ ናቸው። ጎረምሳው የፍርድ ቤቱን አድራሻ በብጣሽ ወረቀት እየጻፈላቸው ነው፤ እሳቸውም ተቀብለው ጮክ ብለው፣ ለኮሪደሩ በሚሰማ ድምፅ፣ ቃል በቃል አነበቡት። ብጣሿን ዳዊታቸው ውስጥ ከፎቶዎቹ ጋር ከተቱ።

ከሰላምታ ጋር
ነባር ተገልጋዮች

ግልባጭ፦
ለመስኮቱ፣
ለሲስተሙ (ሲመለስ)፣
ለፊደል "ኢ"፦ በተቆረጠው ቀጠሮ በአካል ቀርባ ማን እንዳስገባት እንድታስረዳ።